ያልወጣው የአያ አዳነ ፎቶ

አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸው ስንት ዓመት ሳገላብጠው ኖሬ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ጥፋቱ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ፣ የሚቆጣኝም ሰው ሳይኖር፣ «ፎቶ ቤቱ አቃጠለው» ያልኩት ለምንድን ነው? ፈርቼ ነው እንዳልል፣ የዋሸኋት ጓደኛዬ ይመኙሻል እሾህ ቢወጋት እሾሁን ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው ናት። አፍሬ ነው እንዳልልም፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ ከልጆች ጋር ስድስተኛ ክፍል የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ የሐፍረት ድርሻዬን ያኔ ጨርሼዋለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የተነሣሁት ግን መልሱን ፍለጋ አይደለም። ጉዳዬ ሁለት ነበር። አንደኛው የታወቀ ነው፤ የማታ ትምህርት ጓደኛዬ ይመኙሻል እናቷን እማማ ውድነሽን ፎቶ እንዳነሣላት ጠርታኛለች። ሁለተኛውን ለማንም አልተነፈስኩም። እማማ ውድነሽ ፊት ተቀምጬ፣ የሟች ባላቸው የአያ አዳነ ፎቶ ሳይወጣ የቀረው በእኔ ጥፋት እንደሆነ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ቅዳሜ ነው። የጎረቤቶቼን ቆርቆሮ አመዳይ አልብሶታል። ባጃጁ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት ቦርሳ ዲጂታል ካሜራዬን፣ ትርፍ ባትሪ፣ አንድ መጽሐፍና ለእማማ ውድነሽ የገዛሁትን ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዟል። የቀረኝ ሚሞሪ ካርድ ስለነበር መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ ሰይድ ፎቶ ቤት ወረድኩ።

ጋሽ ሰይድን የማውቃቸው ፊልም በሚያጥቡበት ዘመን ነው። ዛሬ ጨለማ ክፍላቸው የስልክ ሽፋን መጋዘን ሆኗል። ግድግዳው ላይ ያሠሩት የፏፏቴ ሥዕል ግማሹ ተልጧል፤ የሚያነሡትም ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ለራሴ የሸለምኩትን አሮጌ የፊልም ካሜራ መርጠው ያስገዙኝ፣ አያያዙንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ መሆኔን እያወቁ «መምህርት» ይሉኛል።

ካርዱን ሞክረው ሰጡኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ገሳይ አልኳቸው።

«ገሳይማ አገሬ ነበር» አሉና ሳቁ። «የዚያ አገር ሠርግና ክርስትና ከኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ኋላ እንደ ተማከረ ሰው ሁሉም አንድ ላይ ቀሩ። ምን እንዳስቀየምኳቸው አላህ ይወቀው።»

እኔ አውቅ ነበር። የካሜራዬን ማንገቻ ሳስተካክል ቆየሁና ደኅና ይዋሉ ብያቸው ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

እስኪሞላ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ፊልም ነክቶ የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው በዚህች ጊዜ ነገሩን ላስረዳ።

አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሣል። ጫፉ ተስቦ ካሜራው ውስጥ ያለች መጠቅለያ ላይ ይያያዛል። ጫፉን በብርሃን ሲስቡት መጀመሪያው ይቃጠልና ሁለት ሦስት ፎቶ ይባክናል። አንድ ፊልም ከነማጠቢያው የሳምንት አስቤዛዬን በሚበላበት ዘመን ይህ ለእኔ ዓይነቷ ቆጣቢ የሚዋጥ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረኝ። በር ዘግቼ፣ ሁለት ጋቢ ተከናንቤ፣ በዳሰሳ ጥቂት ብቻ ስቤ አስገባለሁ። እንዲህ ሲሆን ሠላሳ ስድስቱ ሠላሳ ስምንት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዘጠኝ ይሆንልኛል። ጋሽ ሰይድ ቁጠባዬን ካደነቁ በኋላ፣ ፊልሙን ባሳለፍኩ ቁጥር በግራ በኩል ያለችው እጀታ አብራ መዞሯን እንዳይ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ካልዞረች ፊልሙ አልተያያዘም ማለት ነው፤ ካሜራው ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ምንም አያነሣም።

አያ አዳነን ባነሣሁ ቀን እጀታዋን አላየኋትም። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንትን አልፎ አርባ ሲል እንኳ አልጠረጠርኩም። ፊልሙ የተባረከልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሚኒባሱ ሲነሣ አጠገቤ የተቀመጡት ኩታ የደረቡ ገበሬ ካሜራዬን አይተው ስልካቸውን አወጡ። ከሰው ፎቶ የበሬ ፎቶ ይበዛል። ለገዢ የሚያሳዩት በስልክ ነው፤ በሬውን ገበያ ለገበያ ማንከራተት ቀረ አሉኝ። አንዱን ቀይ በሬ ደጋግመው አሳዩኝ። ሸጠውታል፤ ፎቶውን ግን ማጥፋት አልሆነላቸውም።

«ስልኩ ሞላ እያለ ይጮህብኛል» አሉ። «እኔም የሚስቴን ዘመዶች ነው የማጠፋ።»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት፣ ሚስትዎ ይህን ቢሰሙ ማን ከስልኩ እንደሚጠፋ እናያለን አለቻቸውና መኪናው በሙሉ ሳቀ። ለገሳይ ሃያ ብር ከፈልን። መንገዱ ሽቅብ ነው። በቀኛችን ጉና ራሱን በደመና ጠምጥሞ ይታያል። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል፤ የባሕር ዛፉ ጥላ ገና ከመንገዱ አልተነሣም።

ዱሮ ቢሆን በዚህ መንገድ ከአንድ ፎቶ በላይ አላነሣም። ከመጫኔ በፊት ክምሩ ከፎቶው ዳር ይቆረጥ እንደሆነ፣ ሰውየው ቀና እስኪል ልጠብቅ እንደሆነ አስብ ነበር። በፊልም ዘመን ካነሣኋቸው አብዛኞቹን የት ቆሜ እንዳነሣኋቸው ዛሬም እነግራችኋለሁ። በዲጂታሉ ግን ገሳይ ሳንደርስ በመስኮቱ ሰማንያ ያህል አነሣሁ። የአንዱ ክምር ከሌላው በምን እንደሚለይ ማታ ስመለከት መለየት አልቻልኩም። አንድ ዓመት ሙሉ ያነሣሁትን የኮምፒውተር ቫይረስ ሲበላብኝም ያዘንኩት ለፎቶዎቹ አልነበረም፤ ምን እንደጠፋብኝ መዘርዘር ስላቃተኝ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ገሳይ

ይመኙሻል መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝና «አንቺዬ፣ መጻሕፍቱ እንዴት ለቀቁሽ?» አለች። ጾም ስለሆነ ከሻይ ጋር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አዘዝን። የገሳይ ድንች ሲፈነከት ዱቄት ይሆናል፤ ትኩሱን በጨርቅ ይዘን በላን። ልንገራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እናቷ ከሌሊት ጀምሮ ልብስ ሲመርጡ እንዳደሩ እየነገረችኝ ትስቅ ነበር፤ ሳቋን ማቋረጥ ከበደኝ።

ከከተማው ወደ ጉና ግርጌ አርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት፣ ቀጥሎ ቀጭን ወንዝ፣ ቀጥሎ የባቄላ ማሳ። ወንዙን ስንሻገር አያ አዳነ ፎቶ ባነሣኋቸው ቀን እዚሁ ድረስ ወርደው እንደተቀበሉኝ ትዝ አለኝ። እግራቸውን ወንዙ ላይ ታጥበው ነበር፤ ልጃቸው ከከተማ ያመጣችላቸውን ጥቁር ጫማ በጭቃ እንዳያበላሹ እስከ ግቢው በእጃቸው ይዘውት ሄዱ። ያኔ ሳል ጀምሯቸው ነበር። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

በዚህ አገር ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ የሟች ነገር ይያዛል። ጋቢው፣ ዱላው፣ ካለውም ጠመንጃው። ፎቶ ያለው ግን ፎቶው በትልቁ ታትሞ ይወጣል፤ አልቃሹም በፊቱ ይገጥማል። አያ አዳነ የፈለጉት ይህን ነው፤ ደብቀውም አልተናገሩ። አውድማው ጫፍ ላይ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙና እንዲህ አሉኝ።

«እግሬን እንዳትቆርጭው አደራ። ነገ ግማሽ ሰው ይዘው እንዳያለቅሱልኝ።»

አልቆረጥኩትም። ከራስ ጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው ጫፍ አስገብቼ፣ ደመናው እስኪገፈፍ ጠብቄ፣ አምስት ጊዜ አነሣኋቸው። ለአንድ ሰው አምስት ማንሣት በእኔ ቁጠባ ያልተለመደ ነበር። ከአምስቱ አንዱም ፊልሙ ላይ አላረፈም።

ጥር ላይ ጋሽ ሰይድ ፊልሙን አጥበው ሲያወጡት እንደ መስተዋት ንጹሕ ነበር። ብርሃን የገባበት ፊልም ይጠቁራል፤ ይህ ግን ምንም ያልነካው ነው። አልተያያዘም ነበር፣ በሁሉም ላይ ይደርሳል፣ ሄደሽ ድገሚያቸው ብለው አጽናኑኝ። በዚያው ሳምንት ይመኙሻል ከማታው የዲፕሎማ ክፍል በር ላይ «የአባቴስ?» ስትለኝ፣ አፌ «ፎቶ ቤቱ አቃጠለው» አለ። በሌላ ቅዳሜ ሄጄ እደግማቸዋለሁ ብዬም አከልኩ። ፈተና ነበረብኝ፤ ቅዳሜዎቹ አለፉ። ለቅበላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አያ አዳነ አረፉ። ለቅሶው ላይ ጋቢያቸውና ዱላቸው ተያዘ።

አምስት ሰዓት፣ እማማ ውድነሽ ደጅ

እማማ ውድነሽ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ማዕተባቸውን አስተካክለው ደጅ ተቀምጠው ጠበቁን። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበ። መጀመሪያ ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፀሐዩ ሳይበረታ ይለቅ አሉ። እውነትም ብርሃኑ መልካም ነበር። ለብርሃኑ ስል እንዳዘገየሁት ለራሴ ነገርኩት።

የመጀመሪያውን ያነሣሁት ሳይዘጋጁ ነው። ይመኙሻል የነጠላቸውን ጥለት ስታስተካክል ቀና ብለው አዩዋት፤ ያኔ ተጫንኩ። ማየት ይቻላል ስላልኳቸው መጡና ፎቶው የሚታይበት የካሜራው መስኮት ላይ ጎነበሱ።

«ይቺ አሮጊት ማናት?»

«አንቱ ነዎት እማማ።»

«እኔስ ሞት የረሳት ጎረቤቴ መስላኝ። አጥፊያት ልጄ፤ ደግመሽ አንሺኝ።»

ሳቅን። እኔም አጠፋኋት። ከዚያ ስድሳ ያህል አነሣሁ። ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ከልጃቸው ጋር፣ እግራቸው ሁልጊዜ ገብቶ። ግን አንዴ መስኮቱን ካዩ በኋላ ፊታቸው ተቆለፈ። ከእያንዳንዱ ጠቅታ በኋላ ወደ ካሜራው ይመጣሉ፤ አይተው ከንፈራቸውን ያጠብቃሉ፤ ተመልሰው የባሰ ደርቀው ይቆማሉ። አያ አዳነ የሚያዩት ነገር ስላልነበራቸው ፀሐዩን እያዩ ዝም ብለው ነበር የቆሙት።

ሥራው ሲያልቅ እማማ ውድነሽ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት። አሁን ነው አልኩ። «እማማ፣ የአያ አዳነ ፎቶ...» ብዬ ጀመርኩ።

እሳቸው ቀደሙኝ። «እሱን አታንሺብኝ ልጄ። አንቺማ ደክመሽ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ ቢኖርሽ ያ ፎቶ ቤት አያታልልሽም ነበር። እግዜር ይየው ብዬ ትቼዋለሁ። ለዘመድ ሁሉ ግን ነግሬአለሁ፤ ከዚህ ቀዬ ማንም ደጁን እንዳይረግጥ።»

ይመኙሻል አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ። ልናገር የነበረው «አይደለም፣ እኔ ነኝ» የሚል ሦስት ቃል ነው። አልወጣም። ይልቁንስ ጠላው መልካም ነው አልኩ። የእኔን በደል በሌላ ሰው ላይ ሲቆጥሩ እየሰማሁ ጠላ አመሰገንኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ስመለስ በሚኒባሱ ካሜራውን አላወጣሁም። ቤት ገብቼ እግሬን ሳልታጠብ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ዘረጋሁ። ስድሳውም ጥርት ያሉ ናቸው። አንዷም እማማ ውድነሽን አትመስልም። እሳቸውን የምትመስለው ልጃቸውን ቀና ብለው ያዩባት የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እሷን ደግሞ በገዛ ጣቴ አጥፍቻታለሁ። የፊልም ካሜራ የከዳኝ ሳላየው ነው። ዲጂታሉ ግን አልከዳኝም፤ እኔው ነኝ ደግሜ የከዳሁ፣ እያየሁ።

ጓደኞቼ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ቀለምና ስለ ወጪ እመልስ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምለው ሌላ ነው። በፊልም ጊዜ በመጫንና በማየት መካከል ሳምንታት ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት አንዳንዱ ሰው ትዕግሥት ይማርባቸው ይሆናል፤ እኔ ውሸት አስቀመጥኩባቸው። ዲጂታሉ ያን ክፍተት ዘጋ። ያኔ በእጄ ቢኖር ኖሮ ምናልባት አልዋሽም ነበር። ሰው እውነተኛ የሚሆነው የሚዋሽበት ጊዜ ሲያጣ ብቻ ከሆነ ግን፣ ያ እውነተኛነት የካሜራው ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ከስድሳው የተሻለችውን መርጬ ለጋሽ ሰይድ ወሰድኩላቸው። አተለቁልኝ፤ ማንነታቸውን ሳይጠይቁ ወደ ብርሃን ይዘው አዩዋቸው። «ደግ ሴት ይመስላሉ» አሉ።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ይመኙሻል ፎቶውን ልትወስድ ንባብ ቤቱ ድረስ መጣች። ተማሪ አልነበረም። ፎቶውን ከፖስታው አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ምንም አልነበረበትም፣ ልማድ ነው። ለለቅሷቸው ቀን አስቀምጥላቸዋለሁ አለች። ቀጥላም፣ የአባቴም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ብላ ተነፈሰች።

«ይመኙ» አልኳት። «የአባትሽ ፊልም አልተቃጠለም። እኔ ነኝ በትክክል ያላስገባሁት። ባዶ ነበር። ጋሽ ሰይድ ያኔውኑ ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ በእሳቸው ያላከክሁት።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ፎቶውን ቀስ ብላ ወደ ፖስታው መለሰችው።

«ሰውየው በር ላይ ቆመው ሰላም ይሉኝ ነበር» አለች። «ፊቴን አዞርባቸው ነበር። ለልጄ ክርስትና እንኳ ደጃቸውን አልፌ ሌላ ፎቶ ቤት ሄጃለሁ፤ እያዩኝ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እኔ ይቅር ማለት የምችለው የአባቴን ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ዛሬ አትጠይቂኝ አለችኝ። ክፉ ቃል አልወጣትም። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«እናቴን እኔ እነግራታለሁ፤ ከአንቺ አፍ ብትሰማው ትረግምሻለች፣ እርግማኗን አልፈልገውም። ለጋሽ ሰይድ ግን የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ንባብ ቤቱን ቆለፍኩ። በገበያው መካከል አለፍን። ጋሽ ሰይድ መቀስ ይዘው ጉርድ ፎቶ ይቆርጡ ነበር። ከአጠገቤ ይመኙሻልን ሲያዩ ፈገግታቸው ለአፍታ አመነታ፤ አወቋት። ቢሆንም ከወንበራቸው ተነሥተው እንኳን ደኅና መጣችሁ አሉና መጋረጃውን ገለጡልን።

«ማናችሁ ናችሁ የምትነሡት?»

«ማናችንም» አልኳቸው። ከበርጩማው በቀር መቀመጫ ስላልነበረ እሱ ላይ ተቀመጥኩና፣ ጋቢ ተከናንቤ ፊልሙን ካስገባሁበት ጠዋት ጀምሬ ነገርኳቸው።